ምስማር በአፏ የያዘችው ሴት

አክስቴ ዝምተኛ ሆና አታውቅም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም አገር ምድሩ የሚያውቃት በዝምታዋ ነው። አክስቴ ስታወራ ከማዶ ያለው ባለሱቅ ሬዲዮውን ይዘጋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስማት ስለማይቻል። ስትስቅ እንባዋ እስኪመጣ ነው። ስትቆጣማ አባቴ፣ ማለትም ታናሽ ወንድሟ፣ የጫማውን ክር ሳያስር ከቤት ይወጣል። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ አንድ ሰው መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶ አፏን የለጎማት።

ሥራዋ ሶፋ ማልበስ ነው። አያቴ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ መንገዱን የሚያይ ትልቅ የመስታወት መስኮት ያለው የሶፋ ወርክሾፕ ነበረው። አክስቴ አንድ ፍሬ ልጅ ሳለች ጀምራ እዚያ ውስጥ አደገች። ያረጀ ጨርቅ መግፈፍ፣ የላላ ስፕሪንግ በሲባጎ ማሰር፣ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ከዚያም አዲሱን ጨርቅ ወጥሮ መምታት ከአባቷ ተማረች። አባቴም አብሯት ተምሯል ይባላል። እሱ ያለበሰው ሶፋ ግን ከሩቅ ይታወቃል፤ አንዱ መስመር ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ነው።

ጨርቅ ሲመታ ሁለት እጅ አይበቃም። አንዱ እጅ ይወጥራል፣ አንዱ መዶሻ ይይዛል። ስለዚህ ምስማሩ የሚቀመጠው አፍ ውስጥ ነው። አክስቴ አንድ ጭብጥ ደቃቅ ምስማር ትቅምና ከንፈሯን ገጥማ፣ በምላሷ እያዞረች፣ አንድ በአንድ እየመዘዘች ትመታለች። በዚያን ሰዓት ማንም ቢጠራት አትመልስም። ብትመልስ ምስማሩ ወደ ጉሮሮዋ ነው። የምትሠራው መስኮቱ ሥር ነበር፤ ብርሃን ስላለ። ሽርጧ ነጭ ነበር፤ ከሶፋ ገበር በተረፈ ጨርቅ የተሰፋ ስለሆነ። አንገቷ ላይ ደግሞ ጎበጥ ያለ ጠባሳ አለ፤ የፈላ ሙጫ ከምድጃ ስታወርድ ፈንጥቆባት ነው። መስኮቱን፣ ነጩን ጨርቅ፣ የተገጠመውን ከንፈርና ጠባሳውን ያዙልኝ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከእነሱ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነበር። ቀን ቀን ቢሮ ይገባል፤ ሲመለስ ጠረጴዛውን መስኮት አስጠግቶ ይጽፋል። ሰፈሩ «ደራሲው» ይለዋል። ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም የሚል፣ ለሕፃን ልጅ ሳይቀር መንገድ የሚለቅ። በዕድሜ ስለሚበልጣት አክስቴ «ጋሼ» ትለዋለች፣ «እርስዎ» እያለች ታናግረዋለች። አንድ ቀን የሚቀመጥበት ወንበር ተቀዶበት ይዞ ሲመጣ ያለበሰችለት እሷ ነበረች። ስትሠራ ቆሞ ያያታል። የሆነ ነገር ጠየቃት። አፏ ሙሉ ስለነበር ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያቺ አንዲት አስተያየት ምን እንደምታመጣ ማን ጠርጥሮ!

መጽሐፉ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው ተሻምቶ ገዛው፤ ጥቂት ገጽ አንብቦ መደርደሪያ ላይ የሰቀለው ይበዛል። «ከዚያስ ምን ሆነ?» እየተባለ የሚነበብ ዓይነት አይደለም። አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ከተማ ውስጥ ይንከራተታል፤ ጊዜው ወደ ፊት ሄደ ሲባል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ገጽ ይፈጃል። ባለሱቁ «ሰውየው አራት ነጥብ አልቆበት ነው?» ብሎ ሰውን አሳቀ። የተማሩት ግን «ዘመናዊ ድርሰት ማለት ይሄ ነው» አሉ፤ ተሸለመ፤ ተወደሰ።

መጽሐፉ ውስጥ ስም የሌላት ሴት አለች። «እሷ» ብቻ ነው የምትባለው። መስኮት ሥር ተቀምጣ ነጭ መሐረብ ትጠልፋለች። አትናገርም። አንገቷ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አላት። ጥሏት የሄደ እጮኛዋን ትጠብቃለች። ባለታሪኩ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያያታል፤ እሷ አታየውም። መጨረሻ ላይ ጸጉሯ ይነጣና ከመጋረጃው ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። ሞተች አይል፣ ወጣች አይል፤ ጨርቅ ሆነች ነው የሚለው።

ሐያስያኑ ደግሞ ተቀበሉት። ነጩ ጨርቅ ንጽሕና ነው አሉ። መስኮቱ የቤት ክብር ነው፤ ዝምታው ትዕግሥት ነው፤ ጠባሳው እንደ ጨረቃ የሚሞላና የሚጎድል የሴት ባሕርይ ነው፤ እሷ ራሷ አገር ናት። ሙጫ ነው ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አክስቴ አንብባ መጀመሪያ ሳቀች። «መሐረብ? እኔ? የእኔ መርፌ እኮ የክንዴን ያህል ነው!» አለች። አያቴ ግን ደረቱ ተነፋ። የመጣ ደንበኛን ሁሉ «ልጄ እኮ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ናት» ይላል። ተማሪዎች ካሜራ አንጠልጥለው መምጣት ጀመሩ። መስኮቱ ላይ ተደርድረው ያዩዋታል። ከሠራተኞቹ ጋር እየተሳሳቀች ካገኟት ፊታቸው ይጠቁራል። አንዷ ልጅ እንዲያውም በትሕትና ገብታ፣ «እትዬ፣ ለአንድ አፍታ ዝም ቢሉልን? ለፎቶ ነው» አለቻት። አክስቴ ያን ቀን ማታ እራት ላይ አልሳቀችም።

እጮኛ የሚባለው ነገርስ? እጮኛማ ነበራት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ጥሏት ግን አልሄደም፤ ያሰናበተችው እሷ ናት። «ከተጋባን በኋላ መዶሻውን ለወንድምሽ ትተይለታለሽ» ሲላት «መዶሻውን ከምተው አንተን ብተው ይቀለኛል» ብላ ቀለበቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል፤ አክስቴ በሹክሹክታ መጣላት አትችልበትም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ግን በገዛ ጆሯቸው የሰሙት ሰዎች «ምስኪን፣ ጥሏት ሄዶ» ይሉ ጀመር። የታተመ ነገር እንዲህ ነው፤ ጆሮን ያስክዳል።

ይባስ ብሎ ሰውየው ራሱ መጣ። ሌላ ሴት አግብቶ፣ ከእሷም ተፋቶ፣ ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ አንድ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። እኔ ጥግ ላይ ስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

«አነበብኩት» አላት።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን ነዋ። እስከ ዛሬ ድረስ እየጠበቅሽኝ መሆኑን አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ።»

አክስቴ አበባውን አየች፤ እሱን አየች፤ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው ያባረረህ?»

«ኧረ ያለፈውን እንተወው በቃ።»

«አንተወውም። ማን ነው ያባረረህ? እዚሁ በር ላይ ቆሜ ምን ነበር ያልኩህ?»

«አንቺማ ያላልሽኝ አልነበረም» አለ እየተቅለሰለሰ። «ግን ሴት ልጅ ስትቆጣ ልቧ የሚለው ሌላ ነው። ደራሲው ደግሞ ውስጥሽን አይቶታል።»

«ውስጤን? ውስጤን ሐኪም እንኳ አላየው! ውጣልኝ! አበባህንም ይዘህ ውጣ፤ እዚህ የሚቀመጥበት ቦታ የለም!»

ወጣ። ነገር ግን የወጣው ከልቡ አዝኖላት ነው፤ ከጀርባው ያስታውቅ ነበር። ሴትየዋ በሥቃይ ብዛት እንዲህ ሆነች ብሎ ነው የሄደው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጮኻ «አልፈልግህም» ብትለው እንኳ የሚሰማው የመጽሐፉን ሴት ዝምታ ነበር።

አያቴ ከኋላ ክፍል ሁሉን ሰምቶ ወጣ። «ሰው ተጸጽቶ ሲመጣ እንዲህ ይባላል? ሴት ልጅ ስንቴ ትለመናለች?»

«አባዬ፣ አንተም አነበብከው እንዴ?»

«እኔማ የመጀመሪያውን ገጽ ነው ያነበብኩት። ግን ሰው ነግሮኛል።»

ያን ዓመት የአያቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መቀስ ሲይዝ ጨርቁ ይዛነፋል። አንድ ጠዋት ሠራተኞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ተናገረና የወርክሾፑን ቁልፍ አወጣ። አክስቴ እጇን ከሽርጧ ጠርጋ ቀረብ አለች። ሠራተኞቹም ወደ እሷ ነበር የሚያዩት። ከልጅነቷ ጀምራ፣ ሥራ ስትቀበል፣ ስትለካ፣ ስትቆርጥ፣ ስታስረክብ የኖረችው እሷ ናታ። አያቴ ቁልፉን ለአባቴ ሰጠው።

አባቴ ራሱ ደነገጠ። አባቴ ነውና አልከሰውም፤ ግን አልመለሰውምም። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«አባዬ፣ ይሄ ልጅ ጨርቅ ቀጥ አድርጎ መምታት እንኳ አይችልም እኮ» አለች አክስቴ። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

«ይማራል። ወንድ ልጅ ነው፤ ቤተሰብ አለው። አንቺ ደግሞ ምን ጎደለብሽ? ስምሽ የተጠራ፣ ሰው ሊያይሽ ከሩቅ የሚመጣ። በክብርሽ ተቀመጪ።»

አባቴም ቃሉን ቃል በቃል ወሰደው። በሳምንቱ መስኮቱ ሥር የነበረውን የሥራ ጠረጴዛዋን ወደ ኋላ ክፍል አስገፍቶ፣ በቦታው አንድ ያማረ ወንበር አኖረ። ነጭ መጋረጃም ሰቀለ። «እትዬ፣ አንቺ እዚህ ብትቀመጪ ደንበኛ ይጎርፋል» አላት በቅንነት። እርግማን የሆነብን ይህ ቅንነት ነው። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁሉም ይወዷታል። እየወደዷት ነው ከሥራዋ ያስነሷት።

አክስቴ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ጠረጴዛዋ ወዳለበት ጨለማ ክፍል ሄዳ፣ አምፖል አስበርታ ሥራዋን ቀጠለች።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ መጽሐፉ የትምህርት ቤት ንባብ ሆኖ ነበር። ፈተና ላይ «በመስኮቱ ሥር ያለችው ሴት ዝምታ የምን ምልክት ነው? አብራሩ» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔም አብራራሁ። ዝም ያለችው አፏ ውስጥ ምስማር ስለያዘች ነው፤ ነጩ ጨርቅ ሽርጥ ነው፤ መስኮቱ ለብርሃን ነው፤ እጮኛዋን ራሷ ነች ያባረረችው፤ አክስቴ ናት፣ ከፈለጋችሁ መጥታችሁ ጠይቋት ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ አገኘሁ። ጎኑ ላይ በቀይ «ከርዕሱ ወጥተሻል» ተብሏል።

መምህራችን ሴት ነበረች፤ ደግ ሴት። ከክፍል ስትወጣ ተከትዬ ያዝኳት።

«ቲቸር፣ የጻፍኩት እኮ እውነት ነው።»

«እውነት መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ፤ የጠየቅሁሽ ምልክቱን ነው» አለች።

«ምልክቱ ውሸት ቢሆንስ?»

ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ቀነሰች። «ስሚኝ የኔ ቆንጆ። መልሱ 'ትዕግሥት' ነው። ትዕግሥት ብለሽ ጻፊና እለፊ። እኔም ትዕግሥት ብዬ ነው ያለፍኩት።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። ዜሮውን ስትሰማ መዶሻዋን አላቋረጠችም። የመምህሯን ቃል ስነግራት ግን መዶሻውን ወርውራ ተነሳች። «ልበሺ፤ እንሄዳለን» አለችኝ።

ደራሲው በዚያን ጊዜ ከፎቁ ክፍል ወጥቶ፣ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። በክብር ተቀበለን፤ ሻይ አስቀረበልን። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መጽሐፍ ነው። አክስቴ ሻዩን ሳትነካ ጀመረች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። እኔን ለምን ዝም አሰኙኝ?»

ፈገግ አለ። «አንቺ አይደለሽም እኮ። ምልክት ናት።»

«ጠባሳው የማን ነው?»

«እሱን እንኳ ከአንቺ ተውሼ ይሆናል።»

«የተዋሰ ሰው ይመልሳል። እርስዎ ግን ይኸው አገር ምድሩን አስጨበጨቡበት። ወንበርዎን ስሠራልዎ አጠገቤ ቆመው አይተውኛል። ምስማሩን አላዩም?»

«አይቻለሁ።»

እኔ ይህን ስሰማ ክው አልኩ። አላየም ብዬ ነበር የማስበው። ከሩቅ ሆኖ ተሳስቶ ነው ብዬ።

«አይቻለሁ» አለ ደግሞ፣ ረጋ ብሎ። «ግን ሴት ልጅ አፍ ውስጥ ምስማር ምን ያደርጋል? ማን ያነበዋል? አስቀያሚውን ትቼ ውበቱን ወሰድኩ። አከበርኩሽ እንጂ አልበደልኩሽም።»

«ያ ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲዞር የሚውለው ወንድስ? ጥርሱን ያመዋል፤ ጫማው ይጠበዋል፤ እናቱ ትናፍቀዋለች፤ ይርበዋል፤ ሽንቱ ሳይቀር ይመጣበታል፤ ሁሉን ጽፈውለታል። እሷ አንድ ቀን አይርባትም? እግሯን አይደነዝዛትም? አንድ ነገር እንኳ አታስብም? ስም እንኳ አጡላት?»

«ስም ብሰጣት ታንስ ነበር። ስም የሌላት ስለሆነች ነው ሁሉንም ሴት የሆነችው።»

«ለእሱስ ስም ሰጥተኸው የለ? እሱ አነሰ?»

«እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሲመጣ እሱም ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ተቆጥቶ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። እሱ ግን አገጩን እየዳበሰ ተመለከታትና «ይገርማል፣ ጥሩ ተናጋሪ ነሽ» አለ። «በቅርቡ ለመጽሐፉ የመታሰቢያ ዝግጅት አለ። ለምን መድረክ ላይ ወጥተሽ ይህንኑ አትናገሪም? እኔ አስፈቅድልሻለሁ።»

አክስቴ ተስማማች። መንገድ ላይ ስንመለስ ደስ ብሏት ነበር፤ የምትናገረውን ጮክ ብላ እየተለማመደች፣ አላፊ አግዳሚው ዞሮ እያያት።

የዝግጅቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ከእንጨት የተሠራ የመስኮት ፍሬም ቆሟል፤ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሎበታል፤ ከሥሩ ወንበር አለ። አስተናባሪው፣ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ፣ አክስቴን በአክብሮት ወደ ወንበሩ መራት።

«እዚህ ነው የሚቀመጡት። ንባቡ እስኪያልቅ አይንቀሳቀሱም፤ አይናገሩም።»

«እኔ የመጣሁት ልናገር ነው።»

«ጊዜ ከተረፈ እናያለን። ሕዝቡ የመጣው እኮ የእርስዎን ዝምታ ለማየት ነው።»

ተቀመጠች። አንድ ተዋናይ በጎርናና ድምፁ ስለ ነጩ መሐረብ ያነብ ጀመር። ካሜራዎች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ፊት ለፊት ሆኜ አያታለሁ፤ ጉንጯ ሲግል፣ ጉልበቷ ላይ ያለው እጇ ሲጨበጥ። ተዋናዩ «እሷም ጠበቀች፣ ጠበቀችም» የሚለው ላይ ሲደርስ ብድግ ብላ ማይክሮፎኑን ከፊቱ አነሳችው።

«ማንንም አልጠበቅኩም!» አለች። ማይክሮፎን ለአክስቴ ትርፍ ነገር ነው፤ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። «ሰውየውን ያባረርኩት እኔ ነኝ። መሐረብ ጠልፌ አላውቅም። ሶፋ ሠሪ ነኝ። ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። ሥራዬን ደግሞ ከእጄ ነጥቀው ለወንድሜ ሰጡት፤ አንቺማ ምልክት ነሽ ብለው። ልጃችን እውነቱን ብትጽፍ ዜሮ ሰጧት። ልጆቻችሁን ትዕግሥት ብላችሁ የምታስተምሩት ይሄንን ከሆነ እኔ ትዕግሥት የለኝም! ስም አለኝ፤ አፍ አለኝ፤ ይኸው እየተናገርኩ ነው!»

ከዚያ ጭብጨባው ወረደ። ሰዉ ብድግ ብሎ ቆመ። አንዳንዱ ያለቅሳል። ደራሲው መድረክ ላይ ወጥቶ ሊያቅፋት ሲል ገፋ አደረገችው፤ ለዚያም ተጨበጨበ። የሰማት መስሎኝ እኔም ከሰዉ ጋር አለቀስኩ።

በማግስቱ ጋዜጣው «ዝምታ ራሱ ተናገረ» በሚል ርዕስ ወጣ። ንግግሯ የምድሪቱ ጩኸት ነው ይላል፤ የእናትነት ምጥ ነው ይላል። እሷ ካለችው አንዲት ቃል አልተጻፈም። ሶፋ የለም፤ ወርክሾፕ የለም፤ ወንድሟ የለም። ስሟም የለም። ፎቶው ደግሞ ከመነሳቷ በፊት የተነሳ ነው፤ መጋረጃው ሥር፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ። ብትጮህም ያው፣ ዝም ብትልም ያው! እኔ ንዴት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጋዜጣውን ቀዳድጄ ጣልኩት።

አባቴ ሌላ ቅጂ ገዛ። ፎቶውን ቆርጦ፣ ፍሬም አስገብቶ ወርክሾፑ መስኮት ላይ ሊሰቅል መሰላል ላይ ሲወጣ አክስቴ ከኋላው ደረሰች።

«ውረድ» አለችው።

«እትዬ፣ ለማስታወቂያ እኮ ነው።»

«ስቀለው እንግዲያው። አንተ ከእሷ ጋር ሥራ። እኔ ሄጃለሁ።»

ቀልድ መስሎት ነበር። ወደ ኋላ ክፍል ገብታ መቀሷን፣ መዶሻዋን፣ ረጃጅም መርፌዎቿን፣ የራሷ የሆነውን የልብስ ስፌት መኪና እያወጣች በር ላይ መደርደር ስትጀምር ግን ከመሰላሉ ወረደ። አያቴም ከዘራውን ይዞ ወጣ።

«ሰው ምን ይላል?» አለ አያቴ።

«ያለውን ሁሉ ብሏል እኮ አባዬ። ከእንግዲህ ምን ሊጨምር ነው?»

«ብቻዋን የምትሠራ ሴት ማን ሥራ ይሰጣታል?»

«እስከ ዛሬስ ማን ነበር የሚሠራው?» አለችው።

አያቴ «ተመለሺ» አላላትም፤ «ቁልፉ ላንቺ ይገባ ነበር» አላላትም። ቆሞ አያት፤ ከዚያ ገባ። ሁለት ሠራተኞች ዕቃውን ከእሷ ጋር ተሸክመው ጭነት መኪና ላይ ጫኑ፤ አንደኛው እዚያው እሷ ዘንድ ቀረ።

የተከራየችው ከከተማው ጫፍ፣ የአውቶቡስ ጋራዥ አጠገብ ያለ ወና መጋዘን ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ መስኮት የሚባል የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ትልቁ በር ሲከፈት ነው። እዚያ ሰፈር መጽሐፉን ያነበበ ሰው አልነበረም። ሾፌሮቹ የተቦጨቀ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ትሠራላቸዋለች፣ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ጋራዡ «አንዲት ሴት እንዴት ትችለዋለች» ብሎ አንድ አውቶቡስ ብቻ ሰጣት። ወንበሮቹ ሲመለሱ ሌላ ሰጣት። በኋላ ሁሉንም። ይህን ስናገር ነገሩ እንደ ተረት ያማረ እንዳይመስልባችሁ። ክረምት ላይ ስፖንጅ በጎርፍ ተበላሽቶባታል፤ ጀርባዋ ታሞ ተኝታለች፤ ጋራዡ ውስጥ ያለ አንድ ኃላፊ ውል ለመፈረም «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ብሏት ተሰዳድባ ወጥታለች።

ባል ኋላ መጣ። ሚስቱ የሞተችበት የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው። እራት ላይ እሷ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ «እሱስ ልክ ነሽ» ይላል። እሱን ማንም የአገር ምልክት አላደረገውም። ዝምተኛ ወንድ ዝምተኛ ወንድ ነው፤ በቃ።

አያቴ መጋዘኑን ሳያይ ሞተ። አባቴ ወርክሾፑን ጥቂት ዓመት ከገፋ በኋላ ዘጋውና ሌላ ቦታ ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ፤ አሁን ከአክስቴ ጋር ታርቀዋል፤ ሊያግዛት ሲመጣ ግን ጨርቅ እንዲነካ አትፈቅድለትም። «አንተ ዕቃ መጫኑ ላይ ሁን» ትለዋለች። እሱም ይስቃል።

እኔ ፋርማሲስት ሆንኩ። ሥራ ቦታዬ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። መጽሐፉ እስካሁን በትምህርት ቤት ይነበባል፤ መልሱም ያው ትዕግሥት ነው። አክስቴ «ተይው፣ እኔ ሥራ አለብኝ» ትለኛለች። እሷ ሥራ አለባት፤ ንዴቱ ለእኔ ቀረ። አንዳንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው፣ የተቀመጠበትን ወንበር መታ መታ እያደረግሁ፣ «ይሄን የሠራችው አክስቴ ናት» እለዋለሁ፤ ስሟንም እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ዞሮ ይሰማኛል። አንዳንዱ ስልኩን ያወጣል።